የጉበት ሴል እድገትና የፕሮቲኖች ትስስር በጉበት ካንሰር

የጎልማሳ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በውስጡ ያሉት ሴሎች አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ ሳይከፋፈሉ ይቆያሉ። ሥራ ግን አልፈቱም፤ ከአንጀት የሚመጣውን ደም ያጣራሉ፣ ስኳር ያከማቻሉ፣ ሐሞት ያመነጫሉ፣ ለደም የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ፣ መርዝና መድኃኒት ያከሽፋሉ። የተዉት መከፋፈሉን ብቻ ነው፤ ችሎታውም አልጠፋባቸውም። የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ የቀረው በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ የቀድሞውን መጠን ይይዛል። የሰው ጉበትም በወራት ውስጥ ይሞላል፤ በሕይወት ካለ ሰው ጉበት ላይ ከፍሎ ለታማሚ መስጠት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ከማደጉ ይበልጥ የሚደንቀው ግን መቆሙ ነው። መጠኑ እንደሞላ ሴሎቹ መከፋፈላቸውን ያቆማሉ። የጉበት ካንሰር የሚጀምረው ይህ መቆም በጠፋባቸው ሴሎች ላይ ነው።

እድገቱን የሚያስጀምረውም ሆነ የሚያስቆመው አንድ ብቻውን የሚያዝ ፕሮቲን አይደለም። ወሳኙ ነገር በዚያ ሰዓት የትኛው ፕሮቲን ከየትኛው ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ፣ ከየትኛውስ እንደተላቀቀ ነው። አንድ ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች በረድፍ ተያይዘው፣ ከዚያም ተጣጥፈው የሚሠሩት አካል ነው። ከተጣጠፈ በኋላ ገጹ ላይ ጎድጓዳና ጎባጣ ስፍራዎች ይፈጠራሉ፤ ከፊሉ ውሃ ይወዳል፣ ከፊሉ ይሸሻል፣ ከፊሉ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ገጻቸው የተጋጠመላቸው ሁለት ፕሮቲኖች ይያያዛሉ። ብዙዎቹ ትስስሮች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ሴሉ እንደ ሁኔታው ያስራቸዋል፣ ይፈታቸዋል።

ለዚህ ሥራ ሴሉ በብዛት የሚጠቀምባቸው ሁለት ምልክቶች አሉ። ካይኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች በፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ፎስፌቱ ትንሽ ቢሆንም ያረፈበትን ገጽ ይለውጠዋል፤ የተያያዘው ይላቀቃል፣ ያልተያያዘው ይያያዛል። ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ ዩቢኩቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፋሉ፤ ዩቢኩቲን በተርታ የተለጠፈበት ፕሮቲን ፕሮቲአዞም ወደሚባለው መፍጫ ገብቶ ይሰባበራል።

የመከፋፈል ትእዛዝ ከውጭ ይመጣል። ጉበት ሲጎዳ በሴሎቹ አጠገብ የሚኖሩ ሌሎች ሴሎች ኤች.ጂ.ኤፍ የተባለ የእድገት ፕሮቲን ይለቃሉ። ይህ ፕሮቲን በጉበት ሴል ሽፋን ላይ የተተከለውን ሜት የተባለ ተቀባይ ያገኛል። የተያዙት ሁለት ሜቶች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ፎስፌቱ በሽፋኑ ውስጠኛ በኩል ለሌሎች ፕሮቲኖች መያዣ ይሆናል፤ ራስ የተባለው ፕሮቲን ይነቃል፣ ራስ ራፍን፣ ራፍ ሜክን፣ ሜክ ኧርክን ያነቃል፣ ኧርክም ወደ አስኳሉ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ሳይክሊን ዲ1 የተባለው ፕሮቲን በብዛት ይሠራና ሲ.ዲ.ኬ.4 ከተባለ ካይኔዝ ጋር ይጣመራል። ሲ.ዲ.ኬ.4 ብቻውን ሥራ የለውም፤ ሳይክሊኑ ሲያያዘው ነው ኢንዛይም የሚሆነው።

ጥንዱ የሚያነጣጥረው አር.ቢ በተባለ ፕሮቲን ላይ ነው። አር.ቢ በሰላሙ ጊዜ ኢ2ኤፍ የተባለውን ፕሮቲን አቅፎ ይዞ ሥራ ይከለክለዋል። ፎስፌት ሲለጠፍበት ይለቀዋል። የተለቀቀው ኢ2ኤፍ ዲ.ኤን.ኤ ለመቅዳት የሚያስፈልጉትን ጂኖች ይከፍታል፤ ከዚህ ነጥብ ካለፈ በኋላ ሴሉ መከፋፈሉን ይጨርሳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም ማለት ይቻላል።

የሚያስቆሙትም በትስስር ነው የሚሠሩት። ከሁሉም የታወቀው ፒ53 ነው። ሴሉ ጤነኛ ሲሆን ኤም.ዲ.ኤም.2 የተባለ ፕሮቲን ፒ53ን እየያዘ ዩቢኩቲን ይለጥፍበታል፤ ስለዚህ መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ ይኖራል። ዲ.ኤን.ኤ ሲጎዳ በፒ53 ላይ ፎስፌት ይለጠፋል፣ ኤም.ዲ.ኤም.2 ይላቀቃል። ፒ53 አራት አራት እየሆነ ተጣምሮ ዲ.ኤን.ኤውን ይይዛል፤ ፒ21 የተባለውን ፕሮቲንም ያሠራል። ፒ21 በሳይክሊንና በሲ.ዲ.ኬ ጥንዶች ላይ ተጣብቆ ያስቆማቸዋል። ሴሉ ዲ.ኤን.ኤውን እስኪጠግን ጊዜ ያገኛል፤ ጥገናው ካልተቻለ ፒ53 ሴሉን ወደ ሞት ይመራዋል።

በጉበት ካንሰር ደጋግሞ የሚበላሸው ሌላው ትስስር የቤታ-ካቴኒን ነው። ቤታ-ካቴኒን በሴል ድንበር ላይ ካድሄሪን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሆኖ ሴልን ከሴል ያያይዛል። ከዚያ የተረፈውን አክሲን፣ ኤ.ፒ.ሲና ሁለት ካይኔዞች በአንድነት ይይዙታል፤ በ33ኛው፣ በ37ኛው፣ በ41ኛውና በ45ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይለጥፉበትና ለመፍጫው ያሳልፉታል። ከጉበት ካንሰር ዕጢዎች አንድ ሦስተኛ በሚጠጉት ውስጥ የቤታ-ካቴኒን ጂን ልክ በእነዚህ ስፍራዎች አካባቢ ተለውጦ ይገኛል። ፎስፌት የሚለጠፍበት ቦታ ስለጠፋ ፕሮቲኑ አይፈጭም፤ ተከማችቶ ወደ አስኳል ይገባና ቲ.ሲ.ኤፍ ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የእድገት ጂኖችን ይከፍታል። በሌሎች ዕጢዎች ቤታ-ካቴኒን ደህና ሆኖ አክሲን ተበላሽቶ ይገኛል።

ጉበት መጠኑን እንዴት ያውቃል ለሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉም የጠራውን መልስ የሰጠው ሂፖ የሚባለው የፕሮቲኖች ተርታ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው፤ በኋላ በአይጥና በሰውም ተገኘ። በዚህ ተርታ ኤም.ኤስ.ቲ የተባለ ካይኔዝ ላትስ የተባለውን ካይኔዝ ያነቃል፤ ላትስ ያፕ በተባለ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ፎስፌት ያለበትን ያፕ 14-3-3 የተባለ ፕሮቲን ከአስኳሉ ውጭ ይዞ ያስቀረዋል። ፎስፌት የሌለበት ያፕ አስኳል ገብቶ ቴድ ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ በአንድነት መከፋፈልን የሚያፋጥኑና የሴል ሞትን የሚከለክሉ ጂኖችን ይከፍታሉ።

በ2007 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ እያንዳንዱ በየበኩሉ፣ በአይጥ ጉበት ውስጥ ያፕ ከልክ በላይ እንዲሠራ አደረጉ። ጉበቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ አደገ። ያፕ እንዲቋረጥ ሲደረግ ጉበቱ ተመልሶ ወደ መጠኑ ወረደ። ሳይቋረጥ ለወራት የቆየው ግን ዕጢ አወጣ። ጉበት ልኩን የሚያውቅበት ነገር ያፕ ከ14-3-3 እና ከቴድ መካከል ከማን ጋር እንደዋለ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ለሐኪም ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ሌላ ግኝት ነው። ሴል የቆመበት አካል ሲደድር ያፕ በብዛት ወደ አስኳል ይገባል። ለዓመታት ሲቆስልና ሲሽር የኖረ ጉበት ጠባሳው እየበዛ ይደድራል፤ ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ይህ ነው። ከጉበት ካንሰር አብዛኛው የሚወጣው እንዲህ ከደደረ ጉበት ላይ ነው። ጥንካሬውን በሞገድ የሚለካው ፋይብሮስካን የተባለ መሣሪያ በአዲስ አበባ ለጉበት ታማሚዎች አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል፤ መሣሪያው የሚነግረው ቁጥር ስለ ጠባሳው ብቻ ሳይሆን በሴሎቹ ውስጥ ስለሚካሄደውም ነገር ፍንጭ ይሰጣል።

በ2022 በዓለም ዙሪያ 866,000 ያህል ሰዎች በጉበት ካንሰር እንደተያዙ፣ 758,000 ያህሉም እንደሞቱ ተገምቷል። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ስለ በሽታው ክፋት ብዙ ይናገራል። በኢትዮጵያ በሽታው አዲስ አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ የ100 የጉበት ካንሰር ታማሚዎችን ሁኔታ የመረመሩበትን ጥናት በ1977 አሳትመዋል፤ ከዚያም በኋላ በጉበት ቫይረሶች ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ሥራቸው ለአገሪቱ የጉበት ሕክምና መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው፤ ከሚወሳው በላይ ሊወሳም ይገባዋል።

የላይኞቹን ትስስሮች የሚያበላሹት ነገሮች በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ የታወቁ ናቸው። ቀዳሚው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። በ2016 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ጥምር ግምገማ በኢትዮጵያ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ቫይረሱን ተሸክሞ እንደሚኖር አመልክቷል። አብዛኞቹ አያውቁም። በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው የዐይን ቢጫ መሆን በብዙዎቹ ላይ አይታይም፤ ቫይረሱ በልጅነት ገብቶ ሰውየው አርባ ዓመት እስኪሞላው ድምፁን ሳያሰማ ሊኖር ይችላል።

ቫይረሱ ኤች.ቢ.ኤክስ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን አለው፤ በጠቅላላው 154 አሚኖ አሲድ ነው። በራሱ ኢንዛይም አይደለም። ኃይሉ ያለው በሚይዛቸው ፕሮቲኖች ላይ ነው። በሴሉ ውስጥ ዲ.ዲ.ቢ.1 የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ሥራው የሚፈጩ ፕሮቲኖችን ዩቢኩቲን ለሚለጥፈው ኢንዛይም ማቅረብ ነው። ኤች.ቢ.ኤክስ ዲ.ዲ.ቢ.1ን ይይዝና ኢንዛይሙን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራዋል፤ የሰው በሬ ጠምዶ የራሱን ማሳ እንደሚያርስ ሰው ነው። በ2016 እንደተገለጸው በዚህ መንገድ የሚፈጨው ኤስ.ኤም.ሲ.5/6 የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ ነው። ይህ ስብስብ በጤናው ጊዜ የቫይረሱን ጂኖች ዘግቶ ይይዛል፤ የሴሉን ዲ.ኤን.ኤ በመጠገንም ይሳተፋል። እሱ ሲጠፋ ቫይረሱ ይባዛል፣ የሴሉ ጥገናም ይላላል። ኤች.ቢ.ኤክስ ፒ53ንም ይይዛል። ከዚህ በተጨማሪ የቫይረሱ ዲ.ኤን.ኤ ቁራጭ በሴሉ ዲ.ኤን.ኤ መካከል ይገባል፤ ሴሉ ሳያረጅ እንዲከፋፈል የሚያደርገው የቴሎሜሬዝ ጂን አጠገብ ሲገባ ጉዳቱ ይከፋል።

ሁለተኛው አፍላቶክሲን ነው፤ ይህ በተለይ የጅማን አካባቢ ይመለከታል። በጅማ ዙሪያ፣ በሰቃ፣ በማና፣ በጎማና በሊሙ፣ ቡና ከሚለቅመው እጅ ያላነሰ በቆሎ የሚሰበስብ እጅ አለ። በቆሎው ከነራሱ፣ ሳይፈለፈል፣ ከእንጨትና ከቀርከሃ በተሠራው ጎምቢሳ ይከማቻል። አየሩ እርጥብ ነው። በቂ ሳይደርቅ የገባ በቆሎ፣ ነቀዝም የበሳው ፍሬ፣ አስፐርጊለስ ለተባለው አረንጓዴ ሻጋታ ይመቻል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ቢ1 በእሳት በቀላሉ አይጠፋም፤ ንፍሮ ቢቀቀል፣ ገንፎ ቢገነፋ፣ ቂጣ ቢጋገር አብዛኛው እዚያው ይቆያል። በሰብል ላይ ብቻም አይወሰንም። በ2016 በታተመ የአዲስ አበባ አካባቢ ጥናት ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በአውሮፓ ኅብረት ከተፈቀደው የአፍላቶክሲን ጣሪያ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ ምንጩም በዋናነት ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል።

መርዙ ጉበት ሲደርስ ጉበቱ ሊያከሽፈው ይሞክራል፤ በመሞከሩም የባሰ ነገር ይሠራል። የጉበቱ ኢንዛይሞች አፍላቶክሲኑን ወደ ሌላ ቅርጽ ሲለውጡት አዲሱ ቅርጽ በዲ.ኤን.ኤ ላይ ጉዋኒን ከተባለው ፊደል ጋር ይጣበቃል። ሴሉ ሲከፋፈል ያ ፊደል በስሕተት ይቀዳል። በ1991 ከደቡብ አፍሪካ አካባቢና ከቻይና ቺዶንግ በመጡ ዕጢዎች ላይ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች በአንድ ጊዜ ታተሙ፤ ሁለቱም በፒ53 ጂን ላይ አንድ ቦታ ደጋግሞ ተለውጦ አገኙ። 249ኛው አሚኖ አሲድ አርጂኒን መሆን ሲገባው ሴሪን ሆኗል። ከመላው ጂን የተለወጠው አንድ ፊደል ነው።

አርጂኒኑ ፒ53 ዲ.ኤን.ኤን የሚይዝበትን ክፍል ቅርጽ ያቆማል፤ ሲጠፋ ፕሮቲኑ ዲ.ኤን.ኤ አይዝም፣ ፒ21ም አይሠራም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በ2017 የታተመ ሥራ እንዳሳየው ግን አዲስ የመጣው ሴሪን ፎስፌት የሚለጠፍበት ሆኖ ተገኘ። የሚለጥፈውም ያው ሲ.ዲ.ኬ.4 ነው። ፎስፌቱን የያዘውን ፒ53 ፒን1 የተባለ ፕሮቲን ይይዘውና ወደ አስኳል እንዲገባ ያግዘዋል፤ እዚያም ሚክ ከተባለው የእድገት ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ያበረታዋል። አንድ ፊደል በመለወጡ ሴልን ያስቆም የነበረው ፕሮቲን ከሚያስቆመው ኢንዛይም እጅ ትእዛዝ የሚቀበል የእድገት አጋዥ ሆነ። ስለ ካንሰር ከሚታወቁት ነገሮች ሁሉ የዚህን ያህል ልብ የሚሰብር ጥቂት ነው።

ቫይረሱና መርዙ ሲገናኙ ጉዳቱ በመደመር አይቆምም። በሻንጋይ የተካሄደና በ1994 የታተመ ጥናት አፍላቶክሲን ብቻ የገባባቸው ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 3.4 እጥፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለባቸው 7.3 እጥፍ፣ ሁለቱም ያለባቸው ግን 59.4 እጥፍ ሆኖ አግኝቷል። ቫይረሱ ሴሎችን እየገደለ ሌሎቹ እንዲከፋፈሉ ያስገድዳል፤ በሚከፋፈሉበት ጊዜ ደግሞ መርዙ የነካው ፊደል በስሕተት ይቀዳል። አረቄና ሌላ አልኮል፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ በጉበት ላይ የሚከማች ስብም ወደዚያው ጠባሳ ያደርሳሉ። በሐረር የተሠራና በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምንም ከረጅም ጊዜ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል፤ ጫት በብዛት በሚቃምበት በጅማም ይህ በትኩረት ሊታይ ይገባል።

በጅማ ከቦሳ አዲስ እስከ አጋሮ በየቤቱ የሚፈላው ቡና በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥፍራው በጎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ማስረጃዎቹን መርምሮ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በጉበት ካንሰር የሚያዙት ከማይጠጡት ባነሰ መጠን መሆኑን አስታውቋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስልም፤ ከሚጠቀሱት አንዱ ግን እንደገና የሁለት ፕሮቲኖች ትስስር ነው። ኪፕ1 የተባለ ፕሮቲን ነርፍ2 የተባለውን ይዞ ለመፍጫው ያቀርበዋል። በቡና ዘይት ውስጥ ያሉት ካፌስቶልና ካህዌኦል በሙከራ እንደታየው ይህን ትስስር ያላላሉ፤ ነርፍ2 ተለቆ አስኳል ይገባና መርዝ የሚያከሽፉ ኢንዛይሞችን ያሠራል። ከሚከሽፉት አንዱ አፍላቶክሲን ነው። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በወረቀት ተጠልሎ በሚወርድ ቡና ውስጥ ተጠልለው ይቀራሉ፤ ሳይጠለል በሚፈላው ቡና ውስጥ ግን ይገኛሉ። በብዛት ሲወሰዱ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ እንደሚያደርጉም መታወቅ አለበት። ደግሞም በአንዳንድ የጉበት ዕጢዎች የነርፍ2 ወይም የኪፕ1 ጂን ራሱ ተበላሽቶ ነርፍ2 ለዘለቄታው ተፈትቶ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ጥበቃው ለካንሰሩ ሴል ይሆናል፣ መድኃኒትም ያከሽፍለታል። ስለዚህ ቡና ሕመም ለያዘው ሰው መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም።

ትስስሮቹን በመድኃኒት መፍታት ተሞክሯል። በ2007 ለጉበት ካንሰር የተፈቀደው ሶራፌኒብ ራፍንና የደም ሥር እድገት ተቀባዮችን ያስቆማል፤ በዋናው ሙከራ የታማሚዎቹን አማካይ ዕድሜ ከ7.9 ወር ወደ 10.7 ወር አራዘመ። በ2020 የተፈቀደው የአቴዞሊዙማብና የቤቫሲዙማብ ጥምር ከዚያ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። አቴዞሊዙማብ የሚሠራው በቀጥታ ትስስርን በመከልከል ነው፤ ዕጢው በፒ.ዲ.ኤል.1 አማካይነት የመከላከያ ሴሎችን ፒ.ዲ.1 ይዞ እንዳያፈዛቸው በመካከል ይገባል። ቤታ-ካቴኒን ከቲ.ሲ.ኤፍ፣ ያፕም ከቴድ ጋር የሚያያዙባቸው ገጾች ግን ሰፋፊ ናቸው፤ የመድኃኒት ቅንጣት በቀላሉ የሚሰካበትን ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ዋጋቸው ውድ ነው። አብዛኛው ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ ሆዱ ውሃ ከቋጠረ፣ ሰውነቱ ከከሳ በኋላ ነው።

መከላከሉ በእጅ ያለ ነው። ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከለው ክትባት ከ2007 ጀምሮ በኢትዮጵያ በአምስትዮሹ ጥምር ክትባት ውስጥ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ከእናት በወሊድ ጊዜ ቫይረሱ የገባበት ሕፃን ግን ከ10 እጅ 9 እጁ ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ሆኖ ስለሚቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል። ታይዋን ሕፃናትን መከተብ የጀመረችው በ1984 ነው፤ ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል ቀነሰ። በቆሎውም እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ እስኪወርድ ከደረቀ፣ የሻገተው ራስ ተለይቶ ከተጣለ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ከተቀመጠ ሻጋታው አያድግም።

ቫይረሱ አስቀድሞ ላለበት ሰው ሕክምና አለ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2015 የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። የሚሰጠው ቴኖፎቪር የቫይረሱን መባዛት ይገታል፤ ቁስለቱ ይረግባል፣ የደደረው ጉበትም በብዙዎች ላይ ቀስ እያለ ይለሰልሳል፣ የካንሰሩም ዕድል ይቀንሳል። በሴሉ ዲ.ኤን.ኤ መካከል የገባውን የቫይረስ ቁራጭ ግን አያወጣም፤ ከዚያ ቁራጭ ኤች.ቢ.ኤክስ መሠራቱን ሊቀጥል ይችላል፣ አስቀድሞ የተለወጠ ፊደልም አይመለስም። ስለዚህ ሲሮሲስ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደም ቢሆን በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ዕጢው ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ወይም በሙቀት አቃጥሎ ማስወገድ ይቻላል።